ለያርሚላ ያልተረጎምኩት ቃል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የቴኒስ መጫወቻ አለው። የወይን መክፈቻ አለው። የሆቴሉ ሻወር ሙቅ ውሃ እምቢ ሲል የሚነገር አቤቱታ ሳይቀር አለው። «ሽንትሽ መጥቷል ወይ?» የሚል ግን የለውም! ምን ዓይነት መዝገበ ቃላት ነው ይሄ? የጻፈው ሰው ታሞ አያውቅም መሰለኝ።

እትዬ አስካለ፣ የባለቤቴ እናት፣ አገራቸው መዘዞ ከበግ ጋጣቸው ደጃፍ ጭቃ አንሸራቷቸው ጭናቸው ከተሰበረ ሳምንት አለፋቸው። አስታማሚያቸው እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሆስፒታሉ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፌ አድራለሁ። ትናንት ማታ ከሳቸው አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ፈረንጅ አምጥተው አስተኙ። ያርሚላ ትባላለች። አገሯ ቼክ ነው፤ ዕድሜዋ ወደ ሰባ ይጠጋል። ከባሏ ጋር ወፍ ለማየት ወደ አንኮበር ሲሄዱ መኪናቸው ተገለበጠ። እሷ እግሯና የጎን አጥንቷ ተሰበረ። ባሏ እዚያው ሞተ። ይህን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

እንግሊዝኛ አትችልም። ለሁለቱም ይናገር የነበረው ባሏ ነው። ዶክተሩ ከቦርሳዋ ያገኘውን ትንሽ የእንግሊዝኛና የቼክኛ መዝገበ ቃላት እጄ ላይ አኖረና፣ «ቲቸር፣ አንቺ የእንግሊዝኛ መምህርት አይደለሽ?» አለኝ። እንግሊዝኛ ማስተማርና ቼክኛ መናገርን ምን አገናኛቸው? ኢንተርኔቱ እንደሆነ ከግቢው በር ወዲህ አይገባም። ስልክ መደወሉም ተመስገን ነው።

እና ጀመርኩ። አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ እንግሊዝኛውን መጽሐፉ ውስጥ እፈልጋለሁ፤ ከጎኑ ያለውን ቼክኛ በጣቴ አሳያታለሁ፤ እሷ ታነብልኛለች፤ እኔ በኛ ፊደል የጓንት ካርቶን ላይ እጽፋለሁ። ውሃ፣ ቮዳ። ያማል፣ ቦሊ። ነገ፣ ዚትራ። አመሰግናለሁ፣ ዴኩዪ። ዳቦ፣ ኽሌፕ። እንግሊዝኛ ያልታደለው «ኽ» የኛ ፊደል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ደስ አለኝ። አጥርቼ «ኽሌፕ» ስላት በሕመሟ መሐል ሳቀች።

ማታ ላይ «ግዴ ዬ ማንዤል?» አለችኝ። መጽሐፉን ሰጠኋት። ከኋላ በኩል፣ ከቼክኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚለውን ገልጣ አሳየችኝ። ግዴ፣ የት። ማንዤል፣ ባል።

ዶክተሩን ሮጬ ጠራሁት። «አዲስ አበባ እየታከመ ነው በያት» አለኝ። «የደም ግፊቷ እስኪስተካከል ድረስ ነው።» ይህን ብሎ ሄደ! ውሸቱን ፈጥሮ ማድረሱን ለኔ ተወው። አልነገርኳትም። ጽሑፉ ያልታየኝ መስዬ መነጽሬን አወለቅኩና መጽሐፉን ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተናድጃለሁ። 

እነያርሚላን ያስጎበኝ የነበረው ድርጅት ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። ልጇ ቅዳሜ አምቡላንስ ይዞ ይመጣል፤ እስከዚያ መንገድ አትችልም ተብሏል። ይህን ለክፍሉ ስናገር እትዬ አስካለ አልጋቸው ላይ ሆነው ችሎት ተቀመጡ። እግራቸው በክብደት ተንጠልጥሎ እንኳ ዳኛ ናቸው።

«በቃ፣ ልጇ ይምጣ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። እሱ ያርዳት፤ ደሟ ነው።»

አስታማሚዎቹ ሁሉ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ «እትዬ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?» አልኳቸው።

«እያደር ነዋ!» አሉኝ። «እያደር ይላል እንጂ ዛሬውኑ ይላል?»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። በገዛ ተረቴ ተረቱብኝ።

የሚያናድደኝ ክፉዎች አለመሆናቸው ነው። በሩ አጠገብ እህቷን የምታስታምመው የደብረ ሲናዋ ሴት የራሷን ጋቢ ገፍፋ አለበሰቻት። ጸጉሯን በለብ ውሃ አጥባ አበጠረችላት። ሌላዋ ጾሙን ለራሷ ጾማ ለሷ ዕንቁላል ቀቅላ አመጣች። አስታማሚ የሌላት ሴት አምስት አስታማሚ አገኘች። እጃቸው እንዲህ የሚራራ ሰዎች አፋቸው እንዴት እንዲህ ይዋሻል?

ከምሳ በኋላ ያርሚላ እንደገና «ማንዤል» አለች። አሁን ቃሉን ሁሉም ለምደውታል። እትዬ አስካለ ከኔ ቀደሙ።

«ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል በያት።»

ሰላም ብለውሻል! ይህችን ነገር ከሳቸው አፍ ዛሬ አይደለም የሰማኋት። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ሳለሁ አባቴ አረርቲ ላይ ሞተ። እትዬ አስካለ ቤቱን በሙሉ አስማሉ፤ ባሌን ጭምር። «አባዬ ልጄን ሊያይ ለምን አልመጣም?» ስል፣ «አጨዳ ይዟቸው ነው፤ ሰላም ብለውሻል» ይሉኝ ነበር። አጥሚቱን እያቀረቡልኝ ነበር የሚሉት። የሞተው አባቴ በየሳምንቱ ሰላም ይለኝ ነበር። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ እንግዳው በሄደ ማግስት፣ ጎሕ ሳይቀድ አረዱኝ። አርባው ወጥቷል። ወንድሞቼ አልቅሰው ጨርሰዋል። እኔ ብቻዬን ጀመርኩ።

ይኸው ስድስት ዓመት፣ እትዬን አንድም ቀን በዚህ ነገር ተናግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ያንኑ ውሸት በቼክኛ እንድነግርላቸው ይፈልጋሉ።

«ሰላም የሚለው ቃል መጽሐፉ ውስጥ የለም» አልኳቸው። አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ያርሚላ ቦርሳዋን ስጪኝ ብላ ጠቆመችኝ። ከፍታ የወንድ መነጽር አወጣች። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብላ ለብቻዋ ስትፈልግ ቆየች፤ አንዱን ቃል በጣቷ ይዛ ሌላውን ስትገልጥ፣ የመጀመሪያው ሲጠፋባት፣ እንደገና ስትመለስ። ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። በመጨረሻ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ባል። መነጽር። ማንበብ። አይችልም። መላክ። እባክሽ።

ያለ መነጽሩ ማንበብ አይችልምና ላኪለት ማለቷ ነው።

ሲስተሯ «ተቀበያት እንጂ፣ ምን ችግር አለው?» አለችኝ። ተቀበልኩ። ያርሚላ «ዴኩዪ» አለችኝ፤ ያቺው ራሴ የጻፍኳት ዴኩዪ። የሞተ ሰው መነጽር ኪሴ ከትቼ ሽንት ቤት ሄጄ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ በንዴት። ቃላት የሰበሰብኩላት ለውሃና ለዳቦ ነው እንጂ በነሱ ተማምና እንድትታለልበት አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። የውጭ አገር ቁጥር ነው። ልጇ ነው፣ ቶማሽ። ቁጥሬን ያገኘው ከአስጎብኚው ነው። የእናቱ ስልክ በአደጋው ተሰባብሯል። እንግሊዝኛው እንደኔው የትምህርት ቤት ስለሆነ ተግባባን።

መጀመሪያ የጠየቀኝ «እናቴ የአባቴን ነገር እንዴት ቻለችው?» ብሎ ነው።

የነገሯት መስሎታል! እነሱ አገር ሐኪሙ ወዲያውኑ ነው የሚናገረው። አልተነገራትም አልኩት። «ስልኩን ስጫት። አሁን» አለኝ።

እየሮጥኩ ገባሁ። እትዬ አስካለ ነገሩ ከፊቴ ገባቸው።

«በስልክ? በጠራራ ፀሐይ? የሚደግፋት ሰው ሳይኖር? እግዚኦ! ሰው ናት ዕቃ?»

የደብረ ሲናዋ ሴት መንገዱን ዘጋችብኝ። ሁሉም በአንድ አፍ ጮኹ። እኔም ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ብቻ «እናንተን ማን ፈራጅ አደረጋችሁ?» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ቶማሽ ጩኸቱን ሰምቶ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። ያን ሁሉ ቁጣ ለመተርጎም ሳስበው፣ የሚወጣው እንግሊዝኛ አጭር ሆነብኝ።

«ብቻዋን ሆና እንድትሰማው አይፈልጉም» አልኩት።

«እነማን ናቸው?»

«የማያውቋት ሴቶች።»

 ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታዲያ መቼ ይሻላል?» አለኝ። እትዬን ጠየቅኳቸው።

«ነገ፣ ጎሕ ሲቀድ ይደውል። እኛ ከበናት እንቀመጣለን። ከራሱ አፍ ትስማው።»

እኔ ከትናንት ጀምሮ ስጮህ ያልሰሙኝ ሴቶች፣ ፈረንጅ በስልክ ሲናገር ሰሙ! ይሁን። ዋናው መነገሩ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ተነገራት።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋዋን ከበቡ። ዶክተሩን ቀድሜ ነግሬው ስለነበር መድኃኒት ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ይህንንስ አልነፍገውም። ያርሚላ ነቅታ ሴቶቹን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ስልኩ ጮኸ፤ ሰጠኋት። ልጇ ተናገረ። «ታታ» ከሚለው በቀር አንድም ቃል አልገባኝም፤ አባዬ ማለት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ መጽሐፍ አላስፈለገኝም።

አልጮኸችም። ሴቶቹ እስክትጮህ ጠበቁ። ዝም ስትል ጊዜ የደብረ ሲናዋ ሴት በሷ ፈንታ ልቅሶውን አነሳችው፤ «ወይኔ እህቴን!» ብላ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ያኔ ያርሚላ አለቀሰች። ትከሻዋን ይዘው፣ እጇን ይዘው፣ አብረዋት አለቀሱ። እትዬ አስካለ መነሣት ስለማይችሉ ከአልጋቸው እጃቸውን ዘርግተው የእጅጌዋን ጫፍ ያዙ። እውነቱን ለመናገር፣ በስልክ ብቻዋን ብትሰማው ኖሮ ይህን አታገኝም ነበር። ይህን ለእትዬ አልነግራቸውም።

ትንሽ ሲበርድላት ወደኔ ዞራ «ግዲ?» አለችኝ።

መቼ ማለቷ ነው። ካርቶኔ ላይ አለ፤ የመድኃኒቷን ሰዓት ስትጠይቅ የጻፍኩት ነው። መጽሐፉን ከፍቼ ከሳምንቱ ቀኖች አንዱ ላይ ጣቴን አኖርኩ። ሰኞ።

ጣቴን አየች። እኔን አየችኝ። ያበጠረቻትን ሴት አየች፤ ዕንቁላል ያበላቻትን አየች፤ እትዬን አየች። እጅጌዋን ከእጃቸው ቀስ ብላ ሳበች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መነጽሩን ከኪሴ አውጥቼ ትራሷ አጠገብ አስቀመጥኩላት።

ከተማው ኅዳርን ሊያጥን ቆሻሻ ሲያቃጥል ዋለ፤ ጭሱ ክፍሉ ድረስ ገባ። እሷ አልበላች፣ አልጠጣች። ቮዳ ስላት አልዞረችም። እትዬ አስካለም ምሳቸውን መለሱ። እህሉ አልጣመዎትም ወይ ብዬ ብጠይቅ «ተይኝ» አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቶማሽ ረፋድ ላይ ደረሰ። ረጅም፣ ዓይኑ ያበጠ ልጅ ነው። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ብዙ ቆየች። ክፍሉ እንደገና አለቀሰ።

በቃሬዛ ሲያነሷት ሴቶቹ አንድ በአንድ ሳሟት። እሷም ሳመቻቸው። የደብረ ሲናዋ ሴት ጋቢውን መልሳ አልተቀበለችም። እትዬ አስካለ ዘንድ ሲደርሱ ቃሬዛውን አስቆመች፤ ራሷ እጇን ዘርግታ ጨበጠቻቸው። ተራው የኔ ሆነ። «ዴኩዪ» አለችኝ፤ ግን ዓይኗ ዓይኔን አላየም። ቶማሽ ደጋግሞ አመሰገነኝ። መጽሐፉን ልመልስላት ብል አልቀበልም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ገባኝ። ሌሎቹ ቋንቋ አልነበራቸውም። እኔ ነበረኝ።

ዶክተሩንም፣ ሲስተሯንም፣ እትዬንም ስረግም ሰንብቼ ይሄ አልታየኝም ነበር። ቃሉ እጄ ላይ ነበር፤ ማንም አፌን አልያዘኝም። ዛሬ የተናደድኩት በራሴ ነው፤ ይሄኛው ንዴት ደግሞ የሚጮኹበት ሰው እንኳ የለውም።

አልጋው ባዶ ሆነ። እራት አቀረብኩላቸው፤ እትዬ አስካለ ሁለት ጉርሻ በልተው ሰሃኑን ገፉት። ባዶውን አልጋ እያዩ፦

«ጽጌ፣ ያኔ የአባትሽን ስናረዳሽ አንቺም እንዲህ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ልቅሶው አድክሞሽ እንቅልፍ የወሰደሽ መስሎኝ፣ ዝም በሉ፣ ትተኛ ብዬ ሰዉን ሁሉ አስወጣሁት።»

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያን ቀን ክፍሉ ለምን ባዶ እንደቀረ አላውቅም ነበር።

«አልተኛሁም ነበር፣ እትዬ።»

 አሁንም ተናድጃለሁ፤ ይቅር አላልኩም፤ ይቅር በይኝም አላሉኝም። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳብ አደረጉና ትንሽ ቆይተው፣ «አባትሽን ከሠርግሽ ቀን በቀር አላየኋቸውም» አሉኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ፍራሼን ወደ አልጋቸው አስጠጋሁ። አጨዳ ላይ ማፏጨት ይወድ ነበር ብዬ ጀመርኩ።