ጠጉር አለበት ተብሎ ስለ ተመለሰው መጋረጃ

ቡሬ፣ ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ አባታችን ለቄሰ ገበዝ ወልደ ዮሐንስ፣
የደብራችን ንዋየ ቅድሳት ጠባቂ፣

አባቴ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ ለስግደት እንዳይዝል፣ ድምፅዎ ለቅዳሴ እንዳይሰልል፣ ይልቁንም ከነጭ ፈትል ላይ የድመት ጠጉር ከሩቅ ለይቶ የሚያየው ዐይንዎ እስከ ሽምግልና እንዳይፈዝ እመኝልዎታለሁ። እኔ የሀብትነሽ ባል የነበርሁት ገብረሰንበት በጸሎትዎ ደህና ነኝ፤ ቆሜ እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝንም እበላለሁ። ነገሬን ወደ ቤትዎ መጥቼ በቀስታ እንዳልነግርዎ የከለከለኝ ኩራት ነው ብለው እንዳያስቡ፤ ምናልባት ትንሽ ኩራት ይኖርበት ይሆናል፣ እርሱን ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ። ዋናው ምክንያት ግን፣ እርስዎ የተናገሩኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በደጀ ሰላሙ፣ ሕዝቡ ጸበል ጻዲቁን ይዞ በተቀመጠበት ስለ ሆነ፣ መልሱም ሕዝቡ በሚሰማበት ቢሆን ለክብርዎ ይስማማል ብዬ ነው። ስለዚህ አንዱን ግልባጭ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማንበብ የማይችለው ሰው እህሉ እስኪፈጭለት ድረስ ከሚችለው አፍ ይሰማል።

በዚያ እሑድ ላልነበሩት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አምና ልጃችን አደይ ምጥ ጸንቶባት፣ ሴቶቹ ተስፋ ቆርጠው እርስ በርሳቸው መተያየት በጀመሩ ጊዜ፣ ሀብትነሽ ወደ ደጅ ወጥታ ፊቷን ወደ ደብሩ አዙራ፣ «እመቤቴ፣ ልጄን ብታተርፊልኝ የመቅደስሽን መጋረጃ በገዛ እጄ ፈትዬ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ልጅቱ ከነሕፃኗ ተረፈች። ሀብትነሽም ያን ጊዜውኑ እንዝርቷን አነሣች። ብዙ ሳትቆይ ታመመች፤ ቢሆንም መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋ፣ ኋላም በመደቡ ላይ ጋደም ብላ መፍተሏን አልተወችም። ፈትሉን ጨርሳ፣ ሽመናውን ሳታይ፣ ባለፈው ሐምሌ ዐረፈች። ሸማኔው ሠርቶ ባስረከበኝ ጊዜ መጋረጃውን በመስከረም እኔው ተሸክሜ አመጣሁ፤ እርስዎም ባርከው ተቀብለው፣ በጥር ለአስተርእዮ ማርያም በዓል እንዲሰቀል ብለው በዕቃ ቤቱ አስቀመጡት። እኔም የሟቿ ስለት ገባ፣ ነፍሷ ከቃሏ እስራት ተፈታች ብዬ ዐርፌ ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር መጨረሻ፣ ያ እሑድ መጣ። መጋረጃውን በሁለት ጣትዎ ጫፍ አንጠልጥለው አወጡና፣ «ገብረሰንበት፣ ይኼ የመቅደስ መጋረጃ ነው ወይስ የድመት መኝታ? ሴት የሌለበት ቤት እንዲህ ነው፤ ድመቱም እንደ ሰው ተከናንቦ ይተኛል። ውሰድና አጥራው። አንዲት ጠጉር ከተገኘችበት አይሰቀልም፣ ስለቱም እንዳልገባ ይቈጠራል» አሉ። ከወደ ኋላ የሣቁ ሰዎች ነበሩ። ቂም አልያዝሁባቸውም፤ አነጋገርዎ የሚያስቅ ነበር።

እንግዲህ የዋሉልኝን ውለታ በየተራው እየጠቀስሁ አመሰግንዎታለሁ። ምስጋናዬ እንደ ክስ ቢሰማዎት ጥፋቱ የአማርኛዬ ነው፤ ትምህርቴ ከንባብ ቤት አላለፈም።

አንደኛ፣ በቤቴ ድመት ሳይኖር ድመት ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ስለ ነበር ስጦታው ባልከፋ፤ ነገር ግን ብፈልጋት አጣኋት። ያን ዕለት ገብቼ አስቀድሜ የመረመርሁት ራሴን ነው፤ ካህን ያለ ምክንያት አይናገርም ብዬ። መደቡን ጠረግሁ፣ አጎዛውን አራገፍሁ፣ ጋቢዬን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ በእጄ ዳበስሁ። ያገኘሁት የበግ ጠጉር ብቻ ነው። የበግ ጠጉር ጥቅልል ነው፤ መጋረጃው ላይ ያለው ግን ቀጥ ያለ፣ ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ዳለቻ ነው። የጎረቤት ድመት በደጄ አልፋ አታውቅም ብዬ አልምልም፤ ያላየሁትን አላየሁም ከማለት በላይ መሄድ እፈራለሁ። ይሁንና መጋረጃውን በዘረጋሁት ጊዜ ከእጥፋቱ መካከል የደረቀ የአይጥ ጭራ ወደቀ። መካከሉም እንደ ወፍ ጎጆ ጎድጎድ ብሎ፣ ክብ ሆኖ፣ ጠጉሩ ሁሉ በዚያ ተደልድሎ ነበር። ዕቃ ቤቱን ከአይጥ የምትጠብቀው ዳለቻ ድመት በኅዳር እንደ ወለደች የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ ከእርስዎ መታጠቂያ ወርዶ አያውቅም። በድመቲቱ አልቈጣም። ለግልገሎቿ ከደብሩ ዕቃ ሁሉ ለስላሳውን መርጣለች፤ የሀብትነሽን ፈትል ደግነት ከእርስዎ ቀድማ ያወቀችው እርሷ ናት።

ሁለተኛ፣ ሥራ ፈትቼ እንዳልተክዝ ሥራ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። የድመት ጠጉር ከጨርቅ ላይ እንዴት እንደሚለቅ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። እንዳመጣሁት በእንዶድ ዘፍዝፌ ላጥበው ገንዳ ሳቀርብ፣ የሀብትነሽ ታናሽ እህት ንግሥቴ ደረሰችና ከእጄ ነጠቀችው። «አያ፣ ውኃ አያስነኩት» አለችኝ፤ «ጠጉር ከራሰ ከድሩ ጋር ይጋባል፤ ከተጋባ በኋላ ማን ሊያፋታው ነው፣ እርስዎ ነዎት ወይስ ቄሰ ገበዙ?»

ስለዚህ ድመት ያለው ቤት ሁሉ ይጠቀምበት ዘንድ የተማርሁትን እዚሁ እጽፋለሁ፤ የእርስዎ ተግሣጽ ለብዙ ሰው እንዲተርፍ። ጨርቁን ገልብጠው ፀሐይ ላይ ይሰቅሉና በቀጭን አርጩሜ ከጀርባው ቀስ እያሉ ይመቱታል፤ ላይ ላዩን የተቀመጠው ይረግፋል። ቀጥሎ በንጹሕ ሰሌን ላይ ይዘረጉትና፣ መዳፍን ብቻ ረጠብ አድርገው ወደ አንድ ወገን ይጠርጉታል፤ ወዲያና ወዲህ ካሹት ጠጉሩ ይሰምጣል። መዳፍ ሲደክም፣ ከመንገዱ ዳር ጎማ ከሚለጥፈው ሰው የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ ለምነው በእርሱ ይስቡታል፤ ጎማው ጠጉሩን እንደ ክር እየጠቀለለ ሲያወጣው ሳይ ተደንቄአለሁ። በጥለቱ ዳር የተሰነቀረውን ደግሞ ትንሽ ሰም በመዳፍ አሙቀው፣ አድበልብለው፣ ጫን ነቀል ያደርጉበታል። ሰሙ እንዳይቀልጥ መጠንቀቅ ነው። ጤፌ በአውድማ ላይ ተከምሮ እያለ እኔ ጨርቅ ስዳብስ ያየ መንገደኛ ሁሉ፣ «ገብረሰንበት፣ ደግሞ ፈትል ጀመርህ?» እያለ ያልፋል። ጀመርሁ እላለሁ።

ሦስተኛ፣ መስቀያው ባዶ እንዳይሆን ስላሰቡ አመሰግናለሁ። የእኛው መጋረጃ እስኪጠራ ድረስ፣ አንድ ነጋዴ የሰጠው የሚያብረቀርቅ የፋብሪካ ጨርቅ በልኩ ተቈርጦ ቀለበት እንደ ተሰፋለት ሰምቻለሁ። እኔ መጋረጃውን ይዤ በተመለስሁበት በዚያው ሳምንት መሆኑ መገጣጠም ነው። ክፉ ሐሳብ በመጣብኝ ቁጥር አማትቤ እመልሰዋለሁ፤ ሰሞኑን እጄ ከማማተብ አላረፈም።

አራተኛውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ላይ የሚመረመረው እርስዎ ብቻ አይደሉም።

መጋረጃውን ተሸክሜ ከደጀ ሰላም ስመለስ ፊቴ በእፍረት ይነድ ነበር፤ ከእፍረቱና ከቁጣው በታች ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለእመቤታችን የተሰጠው ጨርቅ ወደ ቤቴ እየተመለሰ ነበርና። በመስከረም ሳስረክብዎ እጄ ለመልቀቅ እንደ ዘገየ እርስዎ አላዩም፤ እኔ ግን ዐውቃለሁ። አሁን እንደ ገና በመደቡ ላይ ተዘርግቶ ሳየው፣ ሀብትነሽ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ላይ፣ ጠጉሩ ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለግሁም። ከዳር ጀምሬ እለቅማለሁ፣ መጨረሻ ስደርስ ከዳር እጀምራለሁ። ንግሥቴ ብዙ ቀን ካየችኝ በኋላ፣ «አያ፣ የድመቱ ጠጉር ካለቀ ሰነበተ፤ አሁን የሚለቅሙት ምንድር ነው?» አለችኝ። አንዲት ቀርታለች አልኋት፤ እንደ ሰበብ ነበር ያልሁት፣ ነገር ግን እጄ እውነትም አንዲት ላይ ዐርፎ ነበር።

ከታችኛው ጥለት አጠገብ ናት። በጣቴ ይዤ ብስባት አልመጣ አለች፤ ጠበቅ አድርጌ ብስባት ማጉ ተሸበሸበ። ንግሥቴ ጎንበስ ብላ አየቻትና እጄን ያዘችኝ። «ተዉአት» አለች። «ይቺ የድመት አይደለችም። የእትዬ ናት።»

ረጅም ናት፣ ጥቁር ናት፣ ከጥጡ ጋር አብራ ተፈትላ በማጉ ውስጥ ትሄዳለች፤ አንድ ጊዜ ብቅ ትልና እንደ ገና ትገባለች። ሀብትነሽ በመጨረሻው ወራት ጠጉሯ እየረገፈ ነበር፤ ለሰው እንዳይታይ በሻሽ ታስረው ነበር፣ ስትፈትል ግን ሙቀት ሲበዛባት ትፈታዋለች። በእንዝርቱ ላይ ወድቃ ስትሾር አላየቻት ይሆናል። ወይም አይታ ትታት ይሆናል፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው የለም።

አባቴ ሆይ፣ ትእዛዝዎ «አንዲት ጠጉር» ነው። እንግዲህ አንዲት አለችበት። ልደብቅዎ እችል ነበር፤ ዐይንዎ የቱንም ያህል ቢበረታ ከማግ ውስጥ አያወጣትም። ይሁንና የእርሷን ስለት በማታለል ላስገባ አልወደድሁም። ልነቅላትም አልችልም። ልቤን መረመርሁት፤ ይህች ጠጉር እንዳትነካ የምከለክለው ስለ እግዚአብሔር ነውን፣ ወይስ ሚስቴን ለመልቀቅ እንቢ ስላልሁ? ንጹሕ መልስ አላገኘሁም፤ ሁለቱ በእኔ ዘንድ ልክ እንደ ፈትሉ ተጠምዘዋል። ስለዚህ ነገሩን ከእጄ አውጥቼ ወደ እርስዎ አቀርባለሁ፤ የደብሩ ጠባቂ እርስዎ ነዎትና።

በአስተርእዮ ዋዜማ መጋረጃውን ተሸክሜ እመጣለሁ። ሕዝቡ በደጀ ሰላም ባለበት ዘርግቼ ጣቴን በእርሷ ላይ አደርጋለሁ፤ ፈልገው እንዳይደክሙ። ርኩስ ናት የሚሉ ከሆነ መቀስ ይዘው ይምጡ። እኔ የእርስዎን እጅ አልይዝም። ነገር ግን ጠጉሯን ሲቈርጡ ማጉም አብሮ እንደሚቈረጥ፣ ማጉ ከተቈረጠም መጋረጃው ከዚያ ቦታ እያደር እንደሚተረተር ሸማኔውን ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ አስቀድመው እንዲያውቁት ብዬ ነው። የማይቈርጡ ከሆነ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከእጄ ይቀበሉኝና ይስቀሉት፤ የፈታይቱን ስም ጠርተው ስለቱ ገባ ይበሉ። ያኔ እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ከሕዝቡ ጋር እሰግዳለሁ፣ እጄንም እለቃለሁ። ይህን በኋለኛው ቀን እንዳልክድ በወፍጮ ቤት በር ላይ ጽፌዋለሁ። ከሁለቱ አንዱን በሕዝብ ፊት ያድርጉት፤ በሕዝብ ፊት የጀመሩት እርስዎ ነዎት።

የደብሩን ንዋይ ከብል፣ ከዝናብ፣ ከሌባ፣ እንዲሁም ከሞተች ሴት ስለት ተግተው የሚጠብቁ እጆችዎን ከሩቅ ሆኜ እየተሳለምሁ፣ እስከ ዋዜማው ድረስ ጤና ይስጥዎ ዘንድ ከልቤ እየለመንሁ፣

ድመት ያልነበረው፣
ገብረሰንበት እንዳለው

ግልባጭ፦
ለጽዋ ማኅበራችን አባላት፣
ለወፍጮ ቤቱ በር።
ለድመቲቱ ግልባጭ አላደረግሁም፤ እርሷ ስለ እኔ ሐሰት አልተናገረችም።

ከፊርማዬ በኋላ የደረሰኝ ወሬ፦ እርስዎ ድመቲቱን ከዕቃ ቤት አስባርረው፣ ግልገሎቿን በጆንያ አስቋጥረው ወንዝ ዳር እንዳስጣሏቸው ይህን ጽፌ ሳበቃ ሰማሁ። ንግሥቴ ሮጣ ደርሳ አንዷን በሕይወት አግኝታ በነጠላዋ ጠቅልላ አምጥታልኛለች፤ ቀለሟ ዳለቻ ነው፣ አሁንም ጭኔ ላይ ተኝታ ጠጉሯን ታራግፍብኛለች። በገብረሰንበት ቤት ድመት አለ ብለው በሕዝብ ፊት ተናግረዋልና፣ የካህን ቃል ሐሰት ሆኖ እንዳይቀር ስል አሳድጋታለሁ።