ስለ ወገብሽ ሲደውሉልሽ

እህት ዓለም፣

የአኩፓንክቸር የመርፌ ሕክምና ፈቃዴን የማሳድሰው ዛሬ ስለሆነ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ። ሥልጠናውን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የአንድ ታካሚ ምስክርነት ብቻ ነው።
ያስመዘገብኩት አንቺን ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ከባለሙያዎች ማኅበር ይደውሉልሻል፤ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊው። "ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ?" ይሉሻል። መርፌዎቹ ጀርባሽ ላይ እንደተሰኩ ረስቼሽ ገበያ መሄዴን፣ ጎረቤታችን መጥታ እንደነቀለችልሽም ባታነሺላቸው ደስ ይለኛል።

ስለዚያ ቀን...
ተይው፣ ስመጣ።

ሾርባ ሠርቼልሻለሁ፤ አሙቀሽ ጠጪ።

ደግሞ ዋሺልኝ አላልኩም። "አሁንም ያመኛል" እያልሽ ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ስታሳጥቢኝ ከርመሽ፣ ትናንት የወጣሁ መስሎሽ ሶፋውን ብቻሽን እየገፋሽ ስትጠርጊ በበሩ ስንጥቅ አይቼሻለሁ።