የወደቀው ልጅሽ አይደለም

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ፣ ቦሩ ሜዳ

ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? ገብሱ እንዳማረ፣ ላሚቱም በሰላም እንደ ወለደች ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። መልሴ የዘገየው ደሴ ጉዳይ ስለ ነበረኝ ነው፤ ጉዳዩን ለመጻፍ ግን ጊዜ አላጠፋም።

የላክሽውን ቃል መልእክተኛው ምንም ሳያስቀር ነግሮኛል። ኮምቦልቻ አንድ ሰው ከዛፍ ወደቀ መባሉን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል፤ ልጄን ደምመላሽን ቶሎ ስደድልኝ፤ የአባቱ እርሻ ጦም እያደረ እሱ እንደ ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል ብለሻል። እንግዲህ ስሚኝ። የወደቀው ልጅሽ አይደለም። ልጅሽንም አልሰደውም። ምክንያቴን አንብቢና ከዚያ በኋላ እንደ ፈለግሽ ተቆጪ።

ከገበያው በላይ ያለውን ትልቁን ዋርካ ታውቂዋለሽ። ደም የሚደርቀው፣ ባልና ሚስት የሚታረቀው ከሥሩ ነው። ጣሊያኖች አዲሱን መንገድ በአጠገቡ አሳለፉት። በሐምሌ ነፋስ አንዱ ወፍራም ቅርንጫፍ ከመጋጠሚያው ተሰነጠቀና መንገዱ ላይ አዘነበለ። የመንገዱ ሥራ አለቃ መጥቶ አየውና ዛፉ ከነሥሩ ይነሣ ብሎ አዘዘ። እኔም አስተርጓሚውን፣ ጣቱ የቆሰለ ሰው አንገቱ ይቆረጣል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ አልሁት። ጠየቀው። ጣሊያኑ ሳቀና እስከ ቅዳሜ ቅርንጫፉን ካወረዳችሁት ይቆይ፣ ካላወረዳችሁት ግን በመኪና አስጎትቼ እነቅለዋለሁ አለ።

እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ እንደ ማገዶ አይመታም። ከጫፉ እየቀነሱ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በገመድ እያወረዱ ነው ግንዱ ዘንድ የሚደረሰው። እዚያ ሲደረስ መጀመሪያ ከታች፣ ቀጥሎ ከላይ ይቆረጣል። ከላይ ብቻ የቆረጠ ሰው ልጡን እስከ ግንዱ ይገሸልጠዋል፤ ዛፉም ከዚያ ቁስል አይድንም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ዛፍ እየገደልሁ የተማርሁት ነው። ልጅሽ ግን አንድም ሳይገድል ተማረው።

ዓርብ ማለዳ ሸህ ኑርሁሴን፣ የዋርካው ሽማግሌ፣ ዱዓ ሳይደረግ ብረት እንዳይነካው አሉ። ደምመላሽ ራቅ ብሎ አማተበና ጠበቀ። ሲጨርሱ ቀረበና፣ አባቴ፣ የትኛው ጥላ ይቅርልዎ ብሎ ጠየቃቸው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዛፍ ስቆርጥ ማንንም እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሸሁም የረፋዷን ጥላ ተዉልኝ፣ የቀረው የእናንተ ነው አሉት።

ከደምመላሽ ጋር ዛፉ ላይ የወጣ አንድ ሌላ ሽማግሌ ነበረ። ስሙን ተይው። ሲመክሩት አይሰማም፣ ሥራውን ግን ያውቃል። ደምመላሽ በቃጫ ገመድ እንታሰር ቢለው፣ ቃጫ ለአህያ ጭነት ነው፣ እኔ ከበሬ ቆዳ ጠፍር ሌላ አላምንም አለው። ልጁም በበጋ ልክ ነዎት ጋሼ፣ በክረምት ግን ጠፍር ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል አለ። ሽማግሌው፣ አንተ ሳትወለድ የታሰርሁበት ጠፍር ነው ብሎ ወገቡን በጠፍሩ አሰረ። ደምመላሽ ክርክሩን ተወው። ነገር ግን አንድ ትርፍ ገመድ ከላይኛው ቅርንጫፍ አስሮ አንጠለጠለ። ምን ሊሠራ ነው ቢሉት፣ ለጦጣ ነው አለ።

ከምሳ በኋላ ዘነበ። ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ላላ። ከተቆረጠው የወረደው የዋርካ ወተት ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ እግር ሥር አንሸራተተ። ሽማግሌው መጋዙን ሲገፋ ቁራጩ ተስፈንጥሮ ጭኑን መታውና፣ ሰውየው ከጠፍሩ ሾልኮ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ወደቀ። እዚያው በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጥፋቱ የዝናቡ ነው።

ከሥር ያለው ሕዝብ ጮኸ። ልጅሽ አልጮኸም። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለ፣ በዚያ ትርፍ ገመድ ወረደና ሰውየውን ከብብቱ ሥር አሰረው። ሽማግሌው በዚያ ሁሉ መካከል ጠፍሬ እንዳይጠፋ ይል ነበር። ደምመላሽም፣ መጀመሪያ እርስዎ ይውረዱ ጋሼ፣ ጠፍሩ አጥንት የለውም አለውና ማር እንደ ሞላ ቀፎ ቀስ አድርጎ አወረደው። ሰይድ የሚባል ባለ ግመል ከሥር ሆኖ፣ ይህ ሰውዬ ከእግሩ ይልቅ ለቆዳው ያለቅሳል ብሎ ሰውን አሳቀ። ባለጌ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን ዳግመኛ አይወጣም ነበር። ልጅሽ ጠፍሩን ከጭቃው አንሥቶ፣ አጥቦ፣ ሽማግሌው አጠገብ አኖረለት። ብዬዎት ነበር አላለም። እስከ ዛሬም አላለም። ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ከሥር ተጋድሞ ለሚያይ ሰው መልካም ነገር ነበር፦ እግሩ ሳይቸኩል፣ መጋዙ ሳይዘል፣ በታች ጀምሮ በላይ ጨረሰው፤ ልጡ አንድ ጣት እንኳ አልተገሸለጠም። ቁስሉን በጭቃና በእበት ለስኖ ሲወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ቅዳሜ ጣሊያኑ መጥቶ ዛፉን ዞሮ አየውና ሄደ። ዋርካው ቆሟል፤ ሸህ ኑርሁሴንም ረፋድ ረፋድ እዚያው ይቀመጣሉ።

እኔ ሰው እንደማላመሰግን ታውቂያለሽ። ለእሱም አልነገርሁትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው። እጁ ከእጄ ይበልጣል። መሬቱን በእኩል የሚያርስ ሰው ፈልጊ፤ መሬት ማንም ያርሰዋል። እዚህ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ለጥዱ፣ መስጊዱ ለሾላው ደምመላሽን ጥሩልን ይላሉ። መጋዜንም ሰጥቼዋለሁ። ከእንግዲህ የሚወጣው እሱ ነው፣ እኔ ከሥር ሆኜ አዛለሁ፤ አዛዥ ያስፈልገዋል።

ካላመንሽኝ ለመስቀል ነይና ቀና ብለሽ እዪው። ካየሽው በኋላ ውረድ ካልሽው፣ እኔም አብሬሽ ውረድ እለዋለሁ። እኔ ወደ አንቺ እንዳልመጣ መንገዱ ጭቃ ነው።

ስትመጪ የአባታችንን ከዘራ ያዥልኝ። ለሌላ አይደለም፤ ውሻ በዝቷል።

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ ገብስሽን ከበረዶ ትሰውርልሽ፤ ያለሽን ትባርክልሽ።

ታላቅ ወንድምሽ