እርድ የነካው ወሬ

አዳማ፣ መጋቢት ፲፭ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.። ዛሬ ጧት ሱቄ የገባ ሰው አሥራ አንድ፤ ጨው የገዛ ሦስት፤ ወሬ የጠየቀ አሥራ አንዱም።

ይድረስ ለአባቴ ለመሐመድሰዒድ፣ መርሳ። ከላይ ያለውን ከቀን መዝገቤ የገለበጥኩት አዋዋላችንን ቶሎ እንዲረዱልኝ ነው። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ዳገቱን ይችላል? እናቴንስ ያ ሳል ለቀቃት? ዙህራ እህቴስ ወሯ ገባ? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉ አማን ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ከዒድ ወዲህ ግን ቃልዎ ርቆኛል።

ጧት ከሱቄ ማዶ ዳቦ የምትሸጠው ተሻለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። «አንተ ደሊል፣ ቆመህ ጨው ትሰፍራለህ? መርሳ ነዳለች፤ ሰዉ ልጁን አዝሎ ተራራ ወጥቷል!» አለችኝ። መስፈሪያውን ጣልኩ። ማን ነገረሽ ብላት የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ሰንበታ በጋዜጣ አስነብቦ ነው አለች።

ሰንበታ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን እንደ ክታብ አጣጥፎ ደረቱ ውስጥ ይዞታል። ግማሽ ገጽ ነው። «ከተማይቱ በሦስት ወገን ነደደች፤ ሕዝቡም ልጁን አዝሎ ወደ ተራራ ወጣ» ይላል፤ የከተማይቱ ስም ያለበት በኩል ተቀዷል። ታዲያ መርሳን ከየት አመጣኸው ብለው፣ «ተራራ ያለው ያንተ አገር አይደለም እንዴ? የኛ ሜዳ ነው» አለኝ። የወረቀቱ ጠርዝ ቢጫ ነበር። ባሸተው እርድ እርድ አለኝ። ለካ ትናንት እርዱን የጠቀለልኩለት የራሴ ወረቀት ኖሯል! ተመልሼ ከአሮጌው ጋዜጣ ክምር ውስጥ ቀሪውን ግማሽ አገኘሁት፤ «ከቻይና አገር የመጣ ወሬ» ይላል፤ እሱም የአምና ነው።

ሁለቱን ገጥሜ ለተሻለች ባነብላት፣ «ቻይናን ማን አይቷት? ገበያህ እንዳይቀዘቅዝብህ ነው» ብላኝ ሄደች። እኔም ብሆን አልተጽናናሁም፣ አባቴ። የነደደችው መርሳ አለመሆኗን አወቅሁ፤ መርሳ ደኅና መሆኗን ግን ከማን ልወቅ? የዚህ ሳምንት ጋዜጣ አገር ሰላም ነው ይላል፤ ጣቢያው ደግሞ ወደ ሰሜን ሊዘምት ስንቁን ተሸክሞ ወደ አዲስ አበባ በሚሳፈር ወታደር ተጨናንቋል። አውሮፕላን ወረቀት ጣለ የሚል አለ፤ የለም፣ እሳት ነው የጣለው የሚልም አለ። በእናንተ ሰማይ ምን አለፈ?

እናቴንና ዙህራን መጥቼ ልውሰዳቸው ወይስ ይቆዩ? ጓዳዬን አጽድቼ አልጋ አስገብቻለሁ። ግን ወሯ የገባ ሴት መንገድ ማስጀመር ከጦሩ አይከፋም? ግራ ገብቶኛል፤ እርስዎ ይፍረዱ። መልስዎን በዚህ ደብዳቤ አድራሽ ይላኩልኝ። ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች ወይስ ሴት፣ እሱንም ይጨምሩበት። ይህን የማይነግረኝን መልእክተኛ አላምንም፤ ዘንድሮ በእርስዎ ስም ስንት ሰው ሊያወራ እንደሚችል አይቻለሁ።

የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ። ዙህራን አይዞሽ ይበሉልኝ። ባሏ ሀሰን ወሬ ሊያጣራ ብሎ ከቤት እንዳይርቅ ይምከሩልኝ። ጎረቤታችንን ቀመሪያን ያስተማረችኝ ዱዓ አልጠፋኝም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ደሊል፣ አዳማ።

በቀን መዝገቤ፣ የነገ ሥራ፦ ወሬው ውሸት ነው ብዬ ለገበያው ሁሉ ነግሬአለሁ። ጎህ ሲቀድ ከበቅሎ አከራዩ ከገርባ ለእናቴና ለዙህራ ሁለት በቅሎ ልከራይ ቆቃ እወርዳለሁ።