ጠመንጃ ለሁለተኛ ጊዜ ስለማስረከብ

ለተከበሩ የጦር መሣሪያ ምዝገባና ርክክብ ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከጦርነቱ ዘረፋ በኋላ ለቢሮዎ በርና መስኮት እንደተገጠመለት፣ እርስዎም ከሄዱበት በደኅና ተመልሰው ወንበርዎ ላይ እንደተቀመጡ ስሰማ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እኔ እታፈራሁ ተፈራ እባላለሁ፤ የግራና ነዋሪ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛልና ስሕተት ቢያገኙባት ይለፉኝ። በአደባባይ መጻፌም ከድፍረት አይደለም፤ በፖስታ አሽጌ የሰጠኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች እስካሁን ስላልተከፈቱ፣ ይህችኛዋን በመክፈት እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ እጃችን የገባ መሣሪያ ሁሉ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲመለስ፣ ካልተመለሰም ቤት ለቤት ፍተሻ እንደሚደረግ የለጠፉትን ማስታወቂያ አንብቤአለሁ። እኔ ቤት አንድ ክላሽ አለ። ከማስረከቤ በፊት ግን ቅሬታዬን እንዲሰሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1ኛ. የመጀመሪያው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. በተጠራው ስብሰባ ሳልጠየቅ እጄን አውጥቼ የተናገርኩት ሴት እኔ ነኝ፤ አስጨብጭበውልኝ ስለነበር ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። በዚያ ዓመት በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ተመልሳ የጎረቤት ልጅ እግር ሰብራ ነበርና፣ ጠመንጃ ከየቤቱ ይውጣ አልኩ። ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ የሚያስቀውም ይኸው ነው። የሟቹን ባለቤቴን የዓለምነህን ጠመንጃ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ መርሳ ድረስ ወስጄ አስረክቤ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ተመለስኩ። የራሳቸውን ጎተራ ሥር የቀበሩት ጎረቤቴ አቶ ጀብሪል «አይ እታፈራሁ፣ ጅብ ሲመጣ በደረሰኝ ልታባርሪው ነው?» ቢሉኝ፣ «አገር የሚያፈርሰው እንደ እርስዎ ያለው ሰው ነው» ብዬ መለስኩላቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።

2ኛ. በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ፣ መሣሪያ ያለው በመሣሪያው፣ የሌለው ከወደቀው ተቀብሎ እንዲዘምት በድምፅ ማጉያ ታዘዘ። ካላቸው መካከል አቶ ጀብሪል፣ ከሌላቸው መካከል ልጄ እስራኤል ነበሩ። እኔም ደረሰኙን ከሣጥን አውጥቼ ለልጄ ሰጠሁትና፣ የአባትህን ጠመንጃ ይመልሱልሃል ብዬ ወደ ቢሮዎ ላክሁት። እንዲህ ዓይነት እናት በአገሩ ብዙ ያለች አይመስለኝም። በሩ ተቆልፎ፣ መኪናዎም በጠዋት ወደ ደሴ ሄዳ ስለነበር፣ ልጄ ደረሰኙን ኪሱ ከትቶ በሽመል ዘመተ።

3ኛ. በሦስተኛው ቀን ከወደቀ ሰው ክላሽ አነሣ፤ በአራተኛው ቀን ከመርሳ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ እሱም ወደቀ። ስለዚህ ጠመንጃ ቢኖረው ኖሮ አይሞትም ነበር እንዳልል፣ ነበረው። ጠመንጃ ለማንም አይበጅም እንዳልል፣ አቶ ጀብሪል በጠመንጃቸው ተርፈው መጥተዋል። በስብሰባው ላይ ሁሉን አውቅ የነበርኩት ሴት አሁን ምንም አላውቅም። አቶ ጀብሪል ትከሻቸው ቆስሎ ሁለት ጠመንጃ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙና «ልጁን መሸከም አቃተኝ፤ የቻልኩትን ይኸው» አሉኝ። እኔም «የተመዘገበ ነው ወይ?» ብያቸዋለሁ ይባላል። እኔ አላስታውስም፤ ግን ይመስለኛል።

4ኛ. ቅጽዎ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ቁጥሩንና ከማን እንደተገኘ ይጠይቃል። የተገኘው ከእስራኤል ነው፤ እስራኤልም ያገኘው ስሙን ከማላውቀው ሰው ነው። ሰደፉ ላይ «የሻረግ» ተብሎ በስለት ተቀርጿል። እናቱ ትሁን እጮኛው፣ ከየትኛው ወገን ትሁን አላውቅም፤ እሷም አንድ ቦታ በር በር እያየች ይሆናል። ለዚህ የሚሆን ቦታ በቅጹ ላይ አጣሁ፤ ያነሣው ልጅ የት እንደተቀበረ የሚጻፍበትም የለም።

ክቡር ኃላፊ፣ አላስረክብም አላልኩም። ኮረብታው ከቢሮዎ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች የወደቁትን እዚያው ቀብረዋቸዋል፤ አቶ ጀብሪልም ልጄ የወደቀበትን ቁልቁለት ያውቁታል። ልጄን አውጥቼ በአባቱ አጠገብ እንዳሳርፈው የሚመሰክር አንድ ሰው እንዲመድቡልኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስት ጊዜ ለምኜ፣ የሰው ኃይል እጥረት እንዳለ ተነግሮኛል። ለፍተሻው ግን ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኛል። እነዚያው ሰዎች ቤቶቻችንን ከመፈተሻቸው በፊት አንድ ጠዋት ኮረብታውን ይፈትሹልኝ። ልጄን ባገኙልኝ ቀን ጠመንጃውን ራሴ ተሸክሜ አመጣለሁ፤ ማጨብጨብም አያስፈልግም።

ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣው፣ በስብሰባ አርአያ ተብላ የተመሰገነችው፣

እታፈራሁ ተፈራ
መጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ ግራና

ማሳሰቢያ፦ ለመፈተሽ የሚላኩት ሰዎች ጎተራ እየገለበጡ እንዳይለፉ፣ ጠመንጃው ያለው በእስራኤል አልጋ ላይ ነው። አልጋውን ባዶውን ማየት ስላቃተኝ አስተኝቼ ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ፤ ጎረቤት አብዳለች ቢላቸው አይከራከሩ። ጠመንጃውን ሲያነሡ ግን በቦታው የሚያስተኙትን ይዘው ይምጡ።