ስለ መምህርት አብርሆት ኢሳያስ ማረፍና ከሰሌዳ ስለወረደው ፖስታ

የደን ዳር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርትና የሰላም ክበብ መሥራች የነበሩት መምህርት አብርሆት ኢሳያስ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ46 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብና ለቦንጋ ከተማ ነዋሪዎች በከባድ ሐዘን እናስታውቃለን።

መምህርት አብርሆት በደካ ተወልደው በ1994 ዓ.ም. በሺሺንዳ ማስተማር ጀመሩ። በ2006 ዓ.ም. ወደ እኛ ተዛወሩ። ካፊኖኖ ብቻ እየተናገሩ ለሚመጡ ሕፃናት አማርኛ ሲያስተምሩ ሁለቱንም ቋንቋ ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የሰላም ክበብን አቋቋሙ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ስድሳ አራት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ለዓለም መሪዎች የሰላም ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉ። ደብዳቤዎቹ አዲስ አበባ ለሚገኙ ኤምባሲዎች ተላኩ። ተማሪ በእምነት ሙሌ «ሁለት መሪዎች ሲጣሉ ሽማግሌ የሚሆናቸው ማነው?» ብላ ጠይቃ ነበር።

በሚያዝያ በአንድ ኤምባሲ ስም አንድ መልስ መጣ። «ጥያቄሽ ደርሶናል፤ እኛም ሽማግሌ እየፈለግን ነው» ይላል። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተነቦ ከነፖስታው በማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቀለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በመግለጫው እንዲታለፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልነውም።

መልሱ በአማርኛ የተጻፈ ነበር። የፖስታ ቤቱ ማህተም ደብዝዞ አይነበብም። በፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ደግሞ የመምህርቷ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ትምህርት ቤቱ መልሱን መምህርቷ ራሳቸው ጽፈውታል ብሎ ስለጠረጠረ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ። ቃለ ጉባኤው እንደሚያሳየው ከአባላቱ አንዱ «እትዬ አብርሆት፣ ኤምባሲው የእርስዎን እጅ ጽሑፍ መቼ ተማረ?» ብለዋል፤ ተስቋል። መምህርቷ የሰጡት መልስ «ልጆቹን ጠይቋቸው» የሚል ብቻ ነው። ኮሚቴው ሕፃናትን መጠየቅ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘውም። ፖስታው ከሰሌዳው ወረደ፤ መምህርቷም ከክበቡ ኃላፊነት ተነሡ።

ጥር 12 ቀን ቤተሰባቸው የክበቡን ዕቃ ሲያስረክቡ ሃያ ባዶ ፖስታዎች ተገኙ። ሁሉም የትምህርት ቤታችን አድራሻ በመምህርቷ እጅ የተጻፈባቸውና ቴምብር የተለጠፈባቸው ናቸው። በዚያው ቀን ተማሪዎቹን ጠየቅን። «ለመልስ እንዲሆን በየደብዳቤው ውስጥ እንዲህ ያለ ፖስታ አንድ አንድ ከተትን፤ እነዚህ የተረፉት ናቸው። ቲቸር አድራሻ ጻፈች፣ እኛ ቴምብሩን በምራቅ ለጠፍን» አሉ። ስድሳ አራቱም የሚያውቁት ነገር ነበር።

መልሱ በእርግጥ ከኤምባሲው ስለመላኩ ዛሬም ማረጋገጫ የለንም፤ ትናንት ኤምባሲውን በደብዳቤ ጠይቀናል። ሳንጠይቅ መፍረዳችን ግን ተረጋግጧል። የግንቦቱ ውሳኔ ተሽሯል። መምህርት አብርሆት ይህን በሕይወት ሳሉ አልሰሙም።

ለባለቤታቸው ለአቶ አዲሱ፣ ለልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም እውነቱን ይዘው ለስምንት ወራት ጠያቂ ላጡት ተማሪዎቻችን መጽናናትን እንመኛለን።

ፖስታው ዛሬ ጠዋት ወደ ሰሌዳው ተመልሷል፤ የተሰቀለው አድራሻው እንዲነበብ ሆኖ ነው።

የደን ዳር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቦንጋ