በጳጉሜ የጠፉት

መስከረም 27
ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር። የታክሲ ሰልፉ አይጣል ነው። ገና ስገባ ማራናታ ከእንግዳ መቀበያው፣ “ናዚ፣ ያንቺ ድረ ገጽ መቼ ነው የሚያልቀው?” የኔ! የጠፉ ሰዎችን የሚያፋልግ ማህበር ድረ ገጽ የኔ ሆኖ አረፈው።

የድሮውን ፕሮግራም የሚያከራየን ድርጅት ጥቅምት 30 ይዘጋዋል። እስከዚያ ያላወጣነው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እኔም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ወደሆነ፣ ማንም ተነስቶ ወደማይዘጋብን ፕሮግራም እያዛወርኩ ነው። ፎቶ፣ ስም፣ የጠፉበት ቀን… ስንት ፊት አለ!

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማራናታ እንደልማዷ ዋይፋዩን አጠፋች። ወጣን።

ጥቅምት 3
አለቀ! ለኃላፊያችን ለጋሽ አብዱልሃኪም “አንድም ሰው አልቀረም” ብዬ ፈርሜ ሰጠሁ። “ተባረኪ” አሉኝ። ራሴን ማኪያቶ ጋበዝኩ።

ጥቅምት 6
አዲሱ ፕሮግራም ማን የትኛውን ገጽ እንደከፈተ ይመዘግባል። ዛሬ መዝገቡን ሳገላብጥ… አንድ የሌለ ገጽ የሚጠራ ሰው አለ። ከሰዓት፣ ዘጠኝ ከአስር ላይ። ትናንትም ዘጠኝ ከአስር። ከትናንት ወዲያም።

የሚጠራው ደግሞ በእኛው በቢሮው ዋይፋይ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰው። ማራናታ “እኔ ከቲክቶክ ምን ጊዜ ተርፎኝ” አለች። የጋሼ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ታዲያ ማን?

ጥቅምት 7
ዘጠኝ ከአስር። የእንጨት ደረጃው ሲጥ… ሲጥ… አለ። ሮጬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ማንም የለም። ስመለስ መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ገብቷል።

ጥቅምት 10
ዛሬም። ኮምፒውተር ተምሬ፣ ዲግሪ ይዤ፣ ደረጃ ፈራሁ። ማራናታ ጠበል ይዘሽ ነይ ትለኛለች። ትስቃለች፤ ግን ሽንት ቤት ብቻዋን መሄድ ትታለች።

ጥቅምት 13
ዘጠኝ ሳይሞላ ወርጄ ጠበቅኩ። ምድር ቤት፣ ከቆጣሪው ሳጥን አጠገብ፣ ጨለማው ውስጥ አንድ ፊት በራ። ስልክ የያዙ አሮጊት ናቸው።

“እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?”

“ባሌን።”

እማማ የሺ ይባላሉ። እዚሁ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር ቤታቸው። ሰፈሩ ሲነሳ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ባላቸው አቶ ፍስሃ መርሳት ጀምሯቸው ነበር፤ “ቤቴ ልሂድ” እያሉ ታክሲ ተሳፍረው ፒያሳ ይመጣሉ። ቤቱ የለም። አንድ ቀን፣ በጳጉሜ፣ እንደወጡ ቀሩ። ያኔ እዚህ ትሠራ የነበረች አንዲት ልጅ ዋይፋዩን ስልካቸው ላይ አስገብታ፣ ነካ ሲያደርጉት የባላቸው ገጽ እንዲከፈት አድርጋላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጥተው የባላቸውን ፊት አይተው ይመለሳሉ። ሌላ ፎቶ የላቸውም።

“ቤትዎ ሆነው ቢያዩት አይሻልም?”

“እሱ የሚመጣው ወደዚህ ሰፈር ነዋ።” ስልኩን አሳዩኝ። ነጭ። ባዶ። “መንገድ ስቶ አንዴ ጠፋ። እሺ። አሁንስ ማን አጠፋው?”

ወደ ላይ እንውጣ ስላቸው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። አንድም ቀን ደረጃ ወጥተው አያውቁም።

ታዲያ ያን ቀን ደረጃው ላይ ማን ነበር?

ጥቅምት 14
የራሴ እጅ ነው። ሰዎቹን የሚያዛውረውን ትእዛዝ ስጽፍ “ወር፦ ከ1 እስከ 12” ብያለሁ። የአስራ ሦስት ወር ፀጋ እየተባለ ያደግሁ ሰው! በጳጉሜ የጠፉትን በሙሉ ዘሏቸዋል። አርባ አንድ ሰው። እኔ ደግሞ ፈረምኩ። አፈርኩ… እንዴት ሳልቆጥር?

የአቶ ፍስሃን የወረቀት ፋይል አወጣሁ። ፎቶው የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀ ሙጫ ብቻ።

ጥቅምት 15
ለጋሼ ተናዘዝኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ “ልጄ፣ ሰው የጠፋበት እኛ ጋ ይመጣል። እኛ ጋ የጠፋ የት ይፈለጋል?” ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 26
አንድ በአንድ፣ በእጄ። አርባው ገቡ። የአቶ ፍስሃ ፎቶ ብቻ ከድሮው አልወርድ አለ። ግማሽ ይደርስና ይቆማል። ግንባርና ሁለት ዓይን… ያዩኛል። አስር ጊዜ ሞከርኩ።

ጥቅምት 28
ግንባርና ሁለት ዓይን። እማማ የሺ ታች ተቀምጠዋል። “ነገ” አልኳቸው። ነገ ባይሆንስ?

ጥቅምት 29
ወረደ! አፍንጫው፣ አፉ፣ የኮቱ ኮሌታ። ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ከአስር።

ኅዳር 1
የድሮው ተዘግቷል። እማማ የሺን እኔና ማራናታ ግራና ቀኝ ደግፈን፣ በየደረጃው እያረፍን አወጣናቸው። ገጹን በኮምፒውተሩ ከፈትኩላቸው። ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። “ከሳህ” አሉት። አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

ስልካቸው ባትሪው አልቆ ጠፍቷል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የማራናታም የኔም ስልክ ቦርሳችን ውስጥ። መዝገቡን ከጎን ከፍቼዋለሁ። ዘጠኝ ከአስር ሲል አዲስ መስመር ገባ። የአቶ ፍስሃ ገጽ። በእኛው ዋይፋይ። ከስልክ፣ ይላል።

ከዚያ ደረጃው… ሲጥ አለ።

ማራናታ ክንዴን ጨመደደችኝ። እማማ የሺ ግን አልፈሩም። ወደ በሩ ዞሩና፣ ወጥ ቤት ሆኖ ሰው እንደሚጠራ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ፍስሃ! እዚህ ነኝ። ግባ” አሉ።

ማንም አልገባም። ደረጃውም ዳግም አልጮኸም። ወርጄ እስከ ቆጣሪው ሳጥን ድረስ አየሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማራናታ እንደልማዷ ዋይፋዩን ልታጠፋ እጇን ሰደደች። እጇን ያዝኩት።

“ተይው፣ ይብራ።”